አባቴ ግራ እጁን ያነሳበት እሁድ

አባቴ ሸማኔ ነበር። በወጣትነቱ ከጋሞ ተራሮች ከአጎቱ ጋር መጥቶ፣ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ የእንጦጦ ባህር ዛፍ በሚጀምርበት ዳገት ሥር ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ያዘና እዚያው ቀረ። እናቴን አገባ፤ ወንድሜን፣ እኔንና ታናሽ እህቴን ወለዱ። አንደኛው ክፍል መኝታችን ነበር። በሌላኛው ውስጥ የሽመና ጉድጓዱ ነበረ። አባቴ እግሮቹን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ፣ ያለቀውን ሸማ ፊቱ ባለው እንጨት ላይ እየጠቀለለ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲወረውር ይውላል።

የሰፈራችን ሰው ሸማውን ያከብራል፤ ሠሪውን ግን እንደ ሰው ለመቁጠር ያመነታ ነበር። አባቴ የሠራውን ነጠላ አጣፍተው ለበዓል የሚወጡ ሴቶች፣ እናቴ ሰላም ስትላቸው አገጫቸውን ብቻ ነቅነቅ ያደርጉላታል። በዚህ ላይ ጴንጤ ነበርን። የምናመልክበት አዳራሽ እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ ታሽጎ የእህል መጋዘን ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ምእመናኑ በየቤቱ ተበታትነው፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሰባት ስምንት ሰዎች እኛ ቤት ይመጡ ነበር። ሴቶቹ እንዝርትና ጥጥ ይዘው ለመፍተል፣ ወንዶቹ ጋቢ ለማሠራት የመጡ መስለው ነው የሚገቡት። የምንዘምረው በሹክሹክታ ነው። ስንዘምር አባቴ ከጉድጓዱ አይወጣም፤ የሽመናው ድምፅ ዝማሬያችንን እንዲሸፍንልን ሳያቋርጥ ይሠራል።

አባቴ ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም። ማንበብ የተማረው ካመነ በኋላ፣ ቃሉን ለማንበብ ብሎ፣ ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ይሁንና እግዚአብሔር በፊደል ብቻ ይናገራል ብሎ አያስብም ነበር። እናቴ ራት ከማቅረቧ በፊት፣ እግሮቹን ከጉድጓዱ አውጥቶ እያሻሸ፣ ሁላችንንም በየተራ ይጠይቀናል።

"ዛሬ ምን አየሽ? ምንስ ተማርሽበት?"

ምንም አላየሁም ማለት አይቻልም። ምንም አላየሁም ላለው፣ "እንግዲያው ነገ ዓይንህን ይዘህ ውጣ" ይለዋል።

አንድ ቀን እናቴ ስኳር ለመውሰድ ወደ ኅብረት ሱቅ ላከችኝ። ሰዉ ከንጋት ጀምሮ ስለሚሰለፍ፣ ሲደክመው በቦታው ድንጋይ፣ የተቀደደ ጫማ ወይም ያረጀ ሰፌድ አስቀምጦ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ሱቁ ሲከፈት ግማሹ ሰልፍ ድንጋይ ነበር። ሻጩ ድንጋዮቹን በእግሩ ገፋ ገፋ አደረገና በአካል ለቆመው ብቻ ማደል ጀመረ። ያን ቀን ይህን ነገርኩት፤ ምን እንደተማርኩበት ግን አላወቅሁም ነበር። አባቴ ትንሽ አሰበና፣ እሱም ለጸሎት ሲንበረከክ ብዙ ጊዜ ድንጋይ አስቀምጦ የሄደ እንደሚመስለው ነገረን። "ጉልበቴ እዚያው ነው፤ እኔ ግን ገበያ ወጥቻለሁ" አለ። ትምህርቱን ሁልጊዜ በራሱ ላይ ነበር የሚያዞረው። በጎረቤት ላይ ያወጣነውን ትምህርት አይቀበለንም ነበር።

እህቴ ገና ስድስት ዓመቷ ሳለ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ለምን ቆመው እንደሚያርፉ ጠየቀችው። በእኛ በር በኩል ነው የሚያልፉት፤ ሸክማቸውን ሳያወርዱ አጥሩን ተደግፈው ይቆማሉ። አባቴ መልስ ከመስጠቱ በፊት በማግስቱ ወጥቶ አንዷን ጠየቃት። ካወረደችው ብቻዋን መልሳ ማንሳት እንደማትችል ነገረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ በራችን ላይ እንዲያወርዱ ይነግራቸዋል፤ ሊሄዱ ሲሉ ይጠሩታል፤ እሱም ሥራውን አቁሞ፣ ከጉድጓዱ ወጥቶ ያነሳላቸዋል። በቀን አራት አምስት ጊዜ። እናቴ ሸማው መቼ ሊያልቅ ነው ብላ ታጉረመርም ነበር።

ወንድሜ ግን ጥያቄውን በቀልድ ነበር የሚመልሰው። ቀን ከአባቴ ጋር ይሠራል፤ የጥለቱን ቀለም የሚመርጠው እሱ ነበር። ማታ ይማራል። አንድ ቀን፣ ለአብዮቱ በዓል ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የመሪዎች ሥዕል ፍየል ስትበላው ማየቱን ነገረን። አባቴ ምን እንደተማረበት ሲጠይቀው፣ "ሙጫው በዱቄት የተሠራ ከሆነ የማይበላ ነገር የለም" አለው። አባቴ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ ፊቱን ጠረገና፣ ይህች ቃል ከዚህ ቤት እንዳትወጣ ብሎ ሁላችንንም በየተራ አስማለን፤ መሐላ ኃጢአት ነው እያለ ያሳደገን ሰው።

እሁድ እሁድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ነበር። ሰዓቱ ሆን ተብሎ የተመረጠ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ቅዳሴ የሚያስቀድሰውንም አዳራሹ የተዘጋበትንም እኩል ይይዛል። ስብሰባው በጽሕፈት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ በእንጨት አግዳሚዎች ላይ ነው። ሲያልቅ ሁሉም ተነስቶ፣ ግራ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ እያነሳ "ከሁሉም በላይ አብዮቱ!" የሚል መፈክር ያሰማል። አባቴም ከሰው ጋር ይነሳል። እጆቹን ግን ደረቱ ላይ አጥፎ ዝም ብሎ ይቆማል።

ወንድሜ ለምን እንደማያነሳ ጠይቆት ነበር። ሰልፍ ሲሉት እንደሚወጣ፣ መዋጮ ሲሉት እንደሚሰጥ፣ መንገድ ቆፍር ሲሉት እንደሚቆፍር ነገረው። "ከሁሉ በላይ የሚባለው ግን አንድ ነው" አለው። "እሱን ለሌላ ልስጥ ብል እጄ አይነሳልኝም።"

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ከአብዮቱ በፊት ዊንጌት አጠገብ ጎሚስታ የነበረ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ አይቶ እንዳላየ አለፈው። አንድ ክረምት ግን ከላይ ሰዎች መጥተው በስብሰባው ላይ ተገኙና፣ የታጠፉትን እጆች አዩዋቸው። አባቴን ከዚያው ከግቢው ወስደው ቀበሌው እስር ቤት አስገቡት። ሃያ ቀን ቆየ። ሲወጣ እግሮቹ አብጠው ጫማ አይገባቸውም ነበር። በዚያው ዕለት ራት ሲደርስ ግን እንደ ወትሮው ጠየቀን። ማናችንም መመለስ ስላልቻልን እሱ ራሱ ጀመረ። በመጀመሪያው ሳምንት የእናቴ ምግብ አልገባለትም ነበር። አብሮት የታሰረ አንድ የቀጨኔ ሰው፣ ሸክላ ሠሪ፣ የራሱን እንጀራ በየቀኑ ለሁለት እየከፈለ አብልቶታል። ሰውየው ከመብላቱ በፊት ያማትባል፤ በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምስም። አባቴ እንዲህ ያሉትን ሰዎች፣ ወንጌሉ ያልገባቸው እያለ ሲጸልይላቸው ነው የኖረው። "እኔ ስለ እሱ ስጸልይ፣ እሱ እንጀራውን ይቆርስልኝ ነበር" አለን። "ማን ለማን መጸለይ እንደነበረበት እያሰብኩ ነው የመጣሁት።"

ያን ቀን አባቴን ከማንም ሰው በላይ አከበርኩት። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዓለም ሁሉ በትምህርት የተሞላች፣ የሚያልፈው ሁሉ፣ እስርም ቢሆን፣ ውስጡ የተቀመጠ ነገር ያለበት ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ከእስር በወጣ በሁለተኛው ዓመት ብሔራዊ ውትድርና በረታ። በሬዲዮ የሰሜኑ ጦርነት ወሬ ሁልጊዜ ድል ነበር፤ በየቀበሌው የሚፈለገው ሰው ቁጥር ግን ይጨምር ነበር። ወንድሜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አንድ ረቡዕ የወጣቶች ስብሰባ አለ ተብሎ ተጠራ። ቶሎ እመለሳለሁ ብሎ፣ የጀመረውን ጥለት ሳይቋጭ፣ ነጠላ ጫማውን እንዳደረገ ወጣ። እሱንና ሌሎች ሃያ ያህል ልጆችን ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ያለው የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ አስገብተው ዘጉባቸው።

ሐሙስና ዓርብ እናቴና እኔ ምሳ ይዘን ሄድን። በር ላይ ያለው ጥበቃ ምሳ ዕቃውን ይቀበለናል፤ ማየት ግን አይፈቅድም። ከውስጥ የልጆቹ ድምፅ ይሰማ ነበር። ዓርብ ዕለት ወንድሜ በቆርቆሮው ቀዳዳ በኩል ሲስቅ የሰማሁት መሰለኝ። ቅዳሜ ግቢው ጭር ብሎ ነበር። ጥበቃው እንዳይጮኹ ተነግሯቸዋል አለንና ምሳውን ተቀበለን።

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በሴቶች ማኅበር ውስጥ የምትሠራ ጎረቤታችን መጥታ እናቴን ወደ ጓሮ ጠራቻት። ሊቀመንበሩ እንዲህ አለ ብላ ነገረቻት፦ የሸማኔው ልጅ የሄደው በአባቱ ነው፤ አባቱ እንደ ሰው እጁን ቢያነሳ ኖሮ ስለ ልጁ አፍ አውጥቼ እናገርለት ነበር። አሁንም ቢሆን አልመሸም።

እናቴ ገብታ ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አባቴ ከረቡዕ ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ክሩን ይዞ ይቀመጣል እንጂ አይሠራም ነበር። የሰማችውን ሁሉ ነገረችው። እናቴ በሕይወቷ በሃይማኖት ነገር ተቃውማው አታውቅም። በታሰረም ጊዜ አንድ ቃል አልወጣትም ነበር።

"አንድ እጅ ነው" አለችው። "አንስተህ ታወርደዋለህ። ልጄን ግን ማን ይመልስልኛል?"

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይመልሰዋል ሊላት አፉን የከፈተ መሰለኝ። አላለም። እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ለረጅም ጊዜ አያቸው።

በማግስቱ እሁድ እናቴ በማለዳ ተነስታ ምሳ ሠራች። ወደ ስብሰባው ስንሄድ ምሳ ዕቃውን ለጥበቃው ሰጠችው፤ ተቀበላት። አባቴ ያለውን ንጹሕ ጋቢ ለብሶ ነበር። እኔ ከእናቴ ጋር ከኋላ ተቀመጥኩ። ስለ ጽዳት ዘመቻ፣ ስለ ወታደር ስንቅ፣ ስለ ድርቆሽና በሶ ዝግጅት ብዙ ተወራ። በመጨረሻ ሁሉም ተነሳ። አባቴ ከፊታችን ሦስት አግዳሚ ራቅ ብሎ ነበርና ጀርባውን ነው ያየሁት። ግራ ትከሻው ከባድ ነገር እንደሚያነሳ ሰው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ጋቢው ወደ ኋላ ወደቀና፣ በድር ብዛት የሻከረው እጁ ተጨብጦ ከሰዉ እጅ መካከል ወጣ።

ሊቀመንበሩ አየው። መፈክሩ ሲያልቅ ሰዉ እንዳይቀመጥ በእጁ ምልክት ሰጠ። አባቴን በስም ጠራውና፣ "ና ወደዚህ፤ አንተ አሰማና ሕዝቡ ይቀበልህ" አለው። አባቴ በአግዳሚዎቹ መካከል አልፎ ወጣ። ፊት ለፊታችን ሲዞር ፊቱን አየሁት። የማውቀው ፊት አልነበረም፤ በሽታ ላይ ያለ ሰው ፊት ነበር። መፈክሩን ሦስት ጊዜ አሰማ። በሁለተኛው ድምፁ ተሰነጠቀና አንዳንዶች ሳቁ። በሦስተኛው ጮኸ። ግቢው ሁሉ እጁን አንስቶ ተቀበለው። ሐሙስ ሐሙስ እኛ ቤት ለመፍተል የሚመጡ አንዲት አሮጊት ከእኛ አጠገብ ነበሩ፤ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡት። እናቴ እጇን አንስታ ትጮህ ነበር፤ ከሁሉም ሰው በላይ ነበር የምትጮኸው።

ስብሰባው እንዳበቃ አባቴ ሊቀመንበሩን ተጠግቶ ስለ ልጁ ለመነው። እናየዋለን፣ ነገ ና አለው።

ሰኞ ጠዋት ሦስታችን ሄድን። ሊቀመንበሩ አልገባም ነበር። የመጋዘኑ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ አንዲት ሴት ውስጡን እየጠረገች ነው። የት ወሰዷቸው ብላ እናቴ ስትጠይቃት፣ ሴትየዋ የምናውቅ መስሏት ነበርና ግራ ገባት። ቅዳሜ ንጋት ላይ፣ ሰዓት እላፊው ሳይነሳ፣ በሁለት ካሚዮን ጭነዋቸው መሄዳቸውን ነገረችን። አባቴ እጁን ያነሳው እሁድ ነው። ወንድሜ ከሄደ ሙሉ ቀን አልፎት ነበር። የቅዳሜውንና የእሁዱን ምሳ የበላው ሌላ ሰው ነው። ጥበቃው ምሳ ዕቃውን መለሰልን፤ ታጥቦ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ከኋላችን ቀረ። ዳገቱን ሲወጣ በየአጥሩ ይደገፍ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ሰዎቹ መጡ። አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ሥራውን ቀጠለ፤ ሲዘምሩ ግን ከንፈሩ አልተንቀሳቀሰም። ጸሎት እንዲመራ ሲጠየቅ አንገቱን ነቀነቀ። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ፣ አባቴን ማንበብ ያስተማሩት ሰው፣ ሌሎቹ ከወጡ በኋላ ቀርተው አናገሩት። አልገሠጹትም። አንተ የመጀመሪያው አይደለህም አሉት፤ ሦስት ጊዜ የካደውን ደቀ መዝሙር ጌታ መልሶ አቁሞታል፤ ለመንጋው እረኛ አድርጎታል። አንተ የካድከው ደግሞ ለራስህ ብለህ አይደለም።

አባቴ መወርወሪያውን አቆመ።

"እሱ ሲክድ ጌታው እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር" አላቸው። "ዘወር ብሎ አየው። ያ ሰው የዳነው በዚያ ማየት ነው። እኔን ግን ማን አየኝ? ሊቀመንበሩ ነው ያየኝ።"

ሽማግሌው እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳረፉና፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ከራት በፊት የሚጠየቅ ነገር ቀረ። ተከልክሎ አይደለም፤ አባቴ እግሩን ያወጣል፣ ያሻሻል፣ እናቴ ታቀርባለች፣ እንበላለን። አንድ ጊዜ እህቴ ሳትጠየቅ ያየችውን መናገር ጀመረች። ስለ አንዲት አህያ ነበር። አባቴ እስክትጨርስ ጠበቃትና፣ "ብዪ፣ እንጀራው ይደርቃል" አላት። ሴቶቹ ግን እንጨታቸውን በራችን ላይ ማውረድ አልተዉም፤ እሱም ማንሳቱን አልተወም። አመስግነው ሲመርቁት ግን አሜን አይልም ነበር።

ከስድስት ወር በኋላ ደብዳቤ መጣ። ከማሠልጠኛ ወጥቶ ወደ ሰሜን የተላከ አንድ የሰፈራችን ልጅ ቆስሎ ሲመለስ ያመጣው ነው። አባቴ ዓይኑ በክር ስለደከመ፣ እናቴም ማንበብ ስለማትችል፣ እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ደህና ነኝ ይላል። ብርዱ ከእንጦጦ ብርድ ይብሳል። ወጥ ቤት የሚሠራው ወታደር ሽንኩርት ሳይከትፍ እያለቀሰ ነው የሚውለው፤ ልጆቹ ያለቅሳል ብለው ሲስቁበት እኔ ግን የትምህርት ቤት ጓደኛው መሞቱን ሰምቼ ስለነበር አልሳቅሁም ይላል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ዓይኔ ከአፌ ቀደመ። እንዲህ ይላል፦ "አባባ፣ በየቀኑ ስንሰለፍ የአንተን እጆች አስባለሁ። ታጥፈው ነው የማያቸው። እኔ ሁሉንም እንደ ሰዉ አደርጋለሁ። ግን በቤታችን አንድ ሰው እንዳለ አውቃለሁ።"

ያንን ዘለልኩት። ሰላምታው ላይ ገባሁና፣ ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላም በሉልኝ የሚለውን አንብቤ ወረቀቱን አጠፍኩ። እናቴ ደብዳቤውን ተቀብላ ሳመችው።

በማግስቱ እናቴ ገበያ ስትወጣ አባቴ ጠራኝ።

"ትላንት የዘለልሽውን አንብቢልኝ።"

ምንም አልዘለልኩም ልለው ፈለግሁ። ዓይኔን እያየኝ ነበር። ወረቀቱን ከሣጥን አውጥቼ አነበብኩለት። እንድደግመው ጠየቀኝ፤ ደገምኩት። አባቴ በግራ እጁ መዳፍ የሸማውን ጠርዝ እየዳበሰ፣ "ልትጽፊለት ነው?" አለኝ። ስለዚህ ነገር አልጽፍም አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። "አትንገሪው" አለኝ። "ያን ያህል እንኳ ይኑረው።"

እኔም አልጻፍኩም። ስለ ጤናችን፣ ስለ ዝናቡ፣ እህቴ ከክፍሏ ሁለተኛ መውጣቷን ጻፍኩለት። ሦስት ደብዳቤ ላክን። መልስ አልመጣም። ደብዳቤዎቹ ለወንድሜ ደርሰውት ይሁን፣ እያነበበ የታጠፉትን እጆች እያሰበ ይሁን፣ እስካሁን አላውቅም።

መንግሥቱ ሊወድቅ ሲል ወታደሩ ተበትኖ ከሰሜን ወደ ከተማው ገባ። በአዲሱ ገበያ በኩል ከጎጃም መንገድ፣ አንዳንዶቹም በእንጦጦ ጫካ ውስጥ እየወረዱ በእኛ በር ያልፉ ነበር። ጫማ የሌላቸው፣ ጠመንጃቸውን በሸሚዝ የለወጡ፣ እንጀራ የሚለምኑ። አባቴ ሽመናውን ትቶ የወንድሜን ፎቶግራፍ ይዞ መንገድ ዳር ቆመ። ፎቶግራፉ የአሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አንገቱ ላይ የተዋሰው ክራቫት አለ። ከጠዋት እስከ ማታ እያንዳንዱን ወታደር እያስቆመ ያሳያል። እናቴና እኔ ውኃ በባልዲ እያመጣን እናጠጣቸዋለን። ብዙዎቹ ፎቶግራፉን በትክክል አያዩትም፤ አናውቀውም ማለት ስለሚቀላቸው እንደዚያው ይላሉ። አንዱ ግን ተቀበለና ለረጅም ጊዜ አየው። ወታደሩ፣ "ይህ ልጅ ንጹሕ ነው" አለ። "እንዲህ ያለ ፊት እዚያ አላየሁም።" መለሰለትና ሄደ።

አባቴ ወሩ አልቆ የሚመጣው ወታደር እስኪቀንስ፣ ከዚያም እስኪያቆም ድረስ እዚያው ቆመ።

በዓመቱ አዳራሹ ተከፈተ። የእህሉ ሽታ ገና ከግድግዳው አልወጣም ነበር፤ ሰዉ ግን በደስታ ያለቅሳል። በመጀመሪያው እሁድ ስለ እምነታቸው የታሰሩ ሰዎች ወደ ፊት እንዲወጡ ተጠሩ። አባቴም ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ ነበር፤ ሃያ ቀኑን ያውቁለታል። ሦስት ጊዜ ተጠራ። ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር፤ አልተነሳም። እኒያ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው የሳቡት አሮጊት ከፊት ነበሩ፤ ዘወር ብለው አዩት፤ ፊታቸውን መለሱ። ከዚያ እሁድ በኋላ አባቴ ወደ አዳራሹ አልተመለሰም። እሁድ እሁድ እናቴን እስከ በሩ ድረስ ይሸኛታል፤ ሲያልቅ ሊወስዳት ይመጣል። የሞተው አዳራሹ በተከፈተ በአራተኛው ዓመት ነው፤ ሳንባው ነበር። በመጨረሻዎቹ ቀናት ሽማግሌው መጥተው ሲጸልዩለት እጃቸውን ይዞ አዳመጣቸው። ሰላም አግኝቶ ይሁን፣ ደክሞት ዝም ብሎ ይሁን መለየት አልቻልኩም። ሰዎች ሰላም አግኝቶ ነው ይላሉ፤ እናቴም እንዲያ ታምናለች።

እኔ አሁን በዚያው አዳራሽ ልጆችን አስተምራለሁ። ከወፍ፣ ከዝናብ፣ ከታክሲ ሰልፍ፣ ከጋዜጣ ላይ ትምህርት ማውጣት ከአባቴ የተማርኩት ስለሆነ አይቸግረኝም፤ ልጆቹም ይወዱታል። ያን እሁድ ግን ብዙ ዓመት አገላብጬዋለሁ። አባቴ ባያነሳስ ኖሮ እላለሁ፤ ወንድሜ አይመለስም ነበር። አነሳ፤ አልተመለሰም። ስለ ፍቅር ነው እንዳልል ፍቅሩ ማንንም አላዳነም። ስለ መጽናት ነው እንዳልል አባቴን ልከስስ ነው። ይቅርታ ነው እንዳልል ይቅርታውን እሱ አልተቀበለውም። ሰባኪዎች እንዲህ ያለ ታሪክ ሲያገኙ ሁልጊዜ በመጨረሻ የሚያያይዙት ነገር አላቸው። እኔ ለአንዳቸውም ነግሬ አላውቅም።

ባለፈው ጊዜ እናቴ የቤተሰብ ቅጽ እንድታድስ ወደ ቀበሌ ተጠራችና አብሬያት ሄድኩ። ስለ ወንድሜ መሞት ማንም ወረቀት ሰጥቶን አያውቅም፤ ስለዚህ በድሮው መዝገብ ከቤተሰቡ አልተሰረዘም። ጸሐፊዋ ወጣት ልጅ ነበረች፤ እናቴን እርስዎ እያለች በትሕትና ነው የምትጠይቃት።

"ስንት ልጆች አሉዎት?"

"ሦስት።"

ጻፈች። የእኔንና የእህቴን ከጠየቀች በኋላ የትልቁን ልጅ የሥራ ሁኔታ ጠየቀቻት። እናቴ፣ ሸማኔ ነው አለች። አሁን የት እንደሚኖር ስትጠይቃት፣ "ከእኔ ጋር" አለቻት።

ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ፤ ምናልባት እንዳረጋግጥላት ነው። በአዳራሹ ልጆችን ውሸት አትናገሩ እያልኩ የማስተምር ሰው ነኝ። አዎ አልኳት። እናቴ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ አሳርፋ ፈረመች፤ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወጣን።